የኛማልን ቃል የለወጥኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ከአፌ የሰማ ሰው የለም። ባሌ አያውቀውም። ረቡዕ ረቡዕ በምንሰበሰብበት የጸሎት ኅብረት እያንዳንዳችን ድካማችንን ስንናገር እኔ ቁጡነቴንና ሐሜት መውደዴን አውጥቼ አልቅሻለሁ፤ ይህንን ግን ከሥር አስቀርቼዋለሁ። ትንንሹን ኃጢአት የምናወጣው ትልቁን ለመሸሸግ ይሆን? የሌላውን አላውቅም። እኔ ግን እንዲያ አድርጌአለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲያ አድርጌአለሁ።

ነገሩ ሲነገር አጭር ነው። አንዲት ስደተኛ ያየችውን እንድተረጉምላት አመነችኝ። እኔ ያየችውን ትቼ ያላየችውን ተረጎምኩ። ወረቀቱ ላይ የፈረመችው እሷ ናት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

አሁን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ አጭሩ ብቻ ከተነገረ ራሴን ያዳንኩ ይመስለኛልና።

አምቦ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። በቤቴ የምናገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛ እንጀራዬ ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከጋምቤላ መጠለያ ጣቢያ በስኮላርሺፕ የመጡ ጥቂት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ይማሩ ነበር። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይከታተላሉ፤ ከግቢ ሲወጡ ግን ሳሙና ለመግዛት እንኳ ጣታቸውን ነው የሚቀስሩት። በቤተ ክርስቲያናችን ይህ ሲነሳ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በነጻ አማርኛ አስተምራለሁ ብዬ እጄን አወጣሁ። ለአገልግሎት ነው አልኩ። ከፊሉ እውነት ነው። ከፊሉ ግን ሰው እንዲያየኝ ነበር፤ አዩኝም፣ አጨበጨቡልኝም።

መጀመሪያ አምስት ሆነው መጡ። እየቆየ አንዱ ቀረ፣ ሌላው አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣ ጀመር። አንድም ቅዳሜ ያልቀረችው ኛማል ብቻ ነበረች። የሕዝብ ጤና ተማሪ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከቁመቷ የተነሳ በክፍሉ በር ስትገባ ጎንበስ ትላለች፤ ከገባች በኋላም ቤቱ እንዳይጠብባት የፈራች ይመስል ትንሽ እንዳጎነበሰች ትቆያለች። ከከተማዋ ከማላካል ስትወጣ የተከተላት አክስቷ ብቻ ናት። አንድ ወንድም ነበራት። ስለ እሱ ስትናገር ሁልጊዜ "ነበር" ትል ነበር፤ የሃላፊ ጊዜ ግስ ሳስተምራት አንድም ጊዜ ያልተሳሳተችው በዚያ ቃል ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ለምን አማርኛ መማር እንደፈለገች ጠየቅኳት። ሌሎቹ ለገበያ፣ ለሥራ ብለው ነበር። እሷ ግን "ከኋላዬ የሚሉትን መስማት እፈልጋለሁ" አለችኝ። "ሳይገባኝ ሲቀር ሁሉም ስድብ ይመስለኛል። ቢገባኝ ግማሹ ስለ ዝናብ ሊሆን ይችላል።"

ሳቅኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደድኳት። መውደዴን ማንም እንዳይጠራጠር፤ ሳልወዳት ያደረግኩት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ብዕር ባላነሳሁ ነበር።

ፊደሉን በሁለት ወር ጨረሰችው። ያስቸገራት አንተና አንቺ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ጥበቃ፣ ያን ጺማም ሰውዬ፣ "እንደምን ዋልሽ?" ስትለው እሱ ራሱ "ደህና ዋልኩ ልጄ" ብሎ ሳያርማት ያልፋል። "እርስዎ" የሚለውን ደግሞ ጨርሶ እምቢ አለች። የምታከብረውን ሰው ለምን ከሩቅ ታናግረዋለህ ነው የምትለው። እኔን ምን ብላ እንደምትጠራ ግራ ሲገባት "ቲቸር፣ እርስዎ፣ አንቺ፣ እሷ..." እያለች ሁሉንም ስትደረድርብኝ፣ "ተይው፣ እኔን አንቺ በይኝ፤ እኛ ጓደኛሞች ነን" አልኳት። በጣም ደስ አላት። ከዚያ በኋላ በአምቦ መንገድ ላይ ተማሪዎቼ ሁሉ እየሰሙ "ቲቸር፣ የት ነበርሽ?" ትለኛለች፤ እነሱ ይደነግጣሉ፤ እኔ ደስ ይለኛል።

አንድ ጊዜ እናቴን ልጠይቅ ደጋ ላይ ወዳለችው ጎጆ ከተማ ስወጣ ይዣት ሄድኩ። ብርዱ እንዴት እንደሆነ ነግሬአት ነበር፣ አላመነችኝም። እኛ ስንደርስ በረዶ ጣለ። በረዶ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ደጅ ወጥታ በእጇ እየቀለበች በኑዌርኛ ስትጮህ የሰፈሩ ልጆች ከበቧት። እናቴ አማርኛ አትችልም። እጆቿን ይዛ እሳቱ ላይ እያሞቀች በአፋን ኦሮሞ የማን ልጅ ነሽ፣ እናትሽ አለች ወይ፣ ድንቹን ብዪ እንጂ ትላታለች። ኛማል መለሰችላት። ስብርብር ያለ ነው፤ ግን መለሰችላት። የት ተማርሽው ስላት፣ ከተከራየችበት ግቢ ባለቤት ከአዴ ጫልቱ እንደለቀመችው ነገረችኝ። እኔ ስቄ አለፍኩት። ያስተማርኳትን እንጂ ራሷ የተማረችውን ቆጥሬላት አላውቅም።

የእናቴ ልጅ ገመቹም በዚያ ጊዜ አምቦ ከኔ ጋር ይኖር ነበር። በእናት አንድ ነን፤ አባቶቻችን የተለያዩ ናቸው። አባቱ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እቴቴ ነው የሚለኝ። ትምህርት አልሆንለት ሲል የሰው ባጃጅ ይዞ መሥራት ጀመረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኛማልን ከግቢዋ አንስቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጣልኝ ነበር።

ግንቦት ውስጥ በአንዱ ቅዳሜ፣ ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የገመቹ ባጃጅ ሰው ገጨች።

ሰውየው ኦቦ ዲንሳ ይባላሉ። ወጣት ሳሉ ጭልሞ ደን ውስጥ ሠርተዋል፤ ካረጁ በኋላ ከወንዙ ዳር ችግኝ እያፈሉ ይሸጡ ነበር። ያን ቀን ችግኝ የሞላ ሳጥን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከአስፋልቱ ውጭ፣ ሣሩ ላይ ቆመው መኪናው እስኪያልፍላቸው ይጠብቁ ነበር። ባጃጇ ከአስፋልቱ ወጥታ ነው ያገኘቻቸው። ቅልጥማቸው ለሁለት ተሰበረ። ሰው የተሰበሰበው ድምፁን ሰምቶ ነው፤ ሲሆን ያየ አልነበረም። ከኋላ ከተቀመጠችው ከኛማል በስተቀር። እሷ ዘላ ወርዳ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አደረገች፤ የአንገት ልብሷን ቀድዳ በሳጥኑ እንጨት እግራቸውን አሰረችላቸው። የጤና ተማሪ አይደለች?

ፖሊስ ሲመጣ ኦቦ ዲንሳ በሕመም መሃል አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ አሉ። "ልጅቷ አይታለች። እሷን ጠይቋት። እዚህ ዘመድ የላትም፤ ለማን ብላ ትዋሻለች?"

ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን እንድትሰጥ ተጠራች። ቃል የሚቀበሉት ፖሊስ እንግሊዝኛ ብዙም አይሆንላቸውም፤ የሚያስተረጉም ሰው አለሽ ወይ ሲሏት "ቲቸሬ አለች" ብላ ደወለችልኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። በር ላይ እጄን ያዝ አድርጋ፣ "ግን ይፈቀዳል? ወንድምሽ አይደል?" አለችኝ።

"መተርጎም ብቻ እኮ ነው" አልኳት።

ተመልከቱ፤ እሷ ነበረች ትክክል መሆኑን የጠየቀችው።

ፖሊሱ ትሑት ሰው ነበሩ። ማን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ "አስተማሪዋ ነኝ" አልኳቸው። "አስተማሪ ከሆኑማ ጥሩ" ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ከሾፌሩ ጋር ዝምድና አለኝ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። የአባቶቻችን ስም አይገናኝ፣ ከምን ይጠርጥሩ? እኔም አልተናገርኩም።

ኛማል በእንግሊዝኛ ተናገረች። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ እኔ እንድተረጉም ፋታ እየሰጠችኝ። ሾፌሩ ስልክ እያነጋገረ ነበር አለች። በአንድ እጁ ነበር የሚነዳው። ሽማግሌው አስፋልቱ ላይ አልነበሩም፤ ሣሩ ላይ ቆመው ነበር።

እኔ ጣቢያው በሚጽፍበት በአፋን ኦሮሞ እንዲህ አልኩ፤ ባጃጇ በዝግታ ትሄድ ነበር። ሽማግሌው ሸክማቸው ከልሏቸው ድንገት ወደ አስፋልቱ ገቡ። ሾፌሩ ሊያተርፋቸው መሪውን ቢያዞርም አልቻለም።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ክፍል ውስጥ የፈተና መመሪያ የማነብበት ድምፅ ነው። ጊዜ ወስጄ አስቤበት ነበር ወይ? አዎን፣ እሑድ ቀኑን ሙሉ አስቤበታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬ አስቤበታለሁ። ከአፍ ያመለጠ ቃል አልነበረም። "ከልሏቸው" የሚለውን ሳይቀር መርጬ ይዤው ነው የሄድኩት።

ፖሊሱ ጽፈው ጨረሱና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ኛማል አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ በአማርኛ "ልፈርም?" አለችኝ።

"ፈርሚ" አልኳት።

ስሟን በግዕዝ ፊደል ጻፈች። ኛ፣ ማ፣ ል። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በመንግሥት ወረቀት ላይ በእኛ ፊደል ስትፈርም የመጀመሪያዋ ነበር፤ ጽፋ ስትጨርስ ጎበዝ እንድላት ቀና ብላ አየችኝ። ጎበዝ አልኳት። እግዚአብሔር ይየው፣ ጎበዝ አልኳት።

ከጣቢያው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ቆመች።

"ቢልቢላ አላልሽም" አለችኝ።

ቢልቢላ በአፋን ኦሮሞ ስልክ ነው። አዴ ጫልቱ ስልኳ በጠፋባት ቁጥር ግቢውን ሁሉ የምታምሰው በዚያ ቃል ነው። ኛማል የማውቀው ቃል መቼ ይመጣል ብላ፣ እኔ ስናገር አንድ ጊዜ፣ ፖሊሱ ሲያነቡ አንድ ጊዜ፣ ጠብቃ ነበር። አልመጣም።

"በሌላ ቃል ነው ያልኩት" አልኳት። "ለፖሊስ የሚነገርበት የራሱ አነጋገር አለው።"

አየችኝ። "እሺ ቲቸር" አለች። የምትማረውን ነገር ስነግራት ሁልጊዜ እንደምትለው።

ወር ሳይሞላ ጉዳዩ ተዘጋ። ጥፋቱ የእግረኛው ነው ተባለ። ገመቹ ባጃጁን ይዞ ሥራ ጀመረ። ኦቦ ዲንሳ ቤታቸው ተኝተው ወጌሻ ይመላለስባቸው ጀመር፤ ውኃ የሚያጠጣላቸው ጠፍቶ ያን ዓመት ያፈሉት ችግኝ አብዛኛው ደረቀ። ይህን ሁሉ እሰማ ነበር። ቤታቸው ከእኔ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። አልሄድኩም።

ኛማል የምትኖረው ግን እዚያው ሰፈራቸው ውስጥ ነበር። የኦቦ ዲንሳ ሚስት አዴ ዲንቄ አንድ ጠዋት የአዴ ጫልቱ ግቢ ድረስ መጥተው፣ አላለቀሱም አልተሳደቡም፤ "ልጄ፣ ምን በደልንሽ?" ብቻ ብለዋት ተመለሱ። ከዚያ ሰፈሩ ጀመረ። እግሩን አስራ ጀርባውን ወጋችው ይሏታል። ስደተኛ ያው ስደተኛ ነው፣ ነገ ለሚሄድ ሰው ምን ገዶት ይሏታል። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቆማል፤ ስትወጣ ይቀጥላል። ከኋላዋ የሚሉትን መስማት አይደል የፈለገችው? አሁን ትሰማ ነበር። በአማርኛውም በአፋን ኦሮሞውም ትሰማ ነበር። አንዱም ስለ ዝናብ አልነበረም። እንድትሰማ ያደረግኳት እኔ፣ እንዲሉ ያደረግኳቸውም እኔ።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ዕለት ቤቴ መጣች። የተማሪ ወረቀት እያረምኩ ነበር። አልተቀመጠችም። አዴ ዲንቄ ያሏትን፣ ፖሊሱ ምን ብለው እንደጻፉም አዴ ጫልቱን ጠይቃ መረዳቷን ነገረችኝ። አልጮኸችም። "ተሳስተሻል ማለት ነው" አለችኝ፤ "ተርጓሚ ይሳሳታል። ነገ አብረን እንሂድና እናስተካክለው።"

ልብ በሉ። በሩን ከፍታልኛለች። ዋሽተሻል አላለችኝም፤ ተሳስተሻል ነው ያለችኝ። "አዎ፣ ተሳስቻለሁ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሁለት ቃል።

እኔ ምን አልኩ? ቀስ ብዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በማስተምርበት አማርኛ፣ ቀላል ቀላሉን ቃል እየመረጥኩ እንዲህ አልኳት። "ተመልሰሽ ከሄድሽ የመጀመሪያውን ለምን ፈረምሽ ይሉሻል። ያ በሐሰት መመስከር ነው። ሰው ይታሰርበታል። አንቺ ደግሞ ስደተኛ ነሽ። ፈቃድሽን ሊነጥቁሽ ይችላሉ።"

"መንጠቅ ምንድን ነው?" አለችኝ።

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብዕር ያዢው አልኳትና ከእጇ መነጨቅኩት። "ይሄ ነው መንጠቅ" አልኳት።

እንዲህ አድርጌ ነው ያስፈራራኋት። ያልኩት ይሆን አይሆን አላውቅም ነበር፤ ማንንም አልጠየቅኩም። የማውቀው እሷ እንደምትፈራ ነው። አንድ ዓመት ተኩል የነገረችኝን ሁሉ፣ በሌሊት መውጣታቸውን፣ ኬላውን፣ ወረቀት የሌለው ሰው የሚደርስበትን፣ ለጓደኛዋ ነበር የነገረችው፤ እኔ ግን የት ቦታ ብነካት ዝም እንደምትል ያወቅኩት ከዚያ ነው።

እጄ ላይ ያለውን ብዕር አየችው። ከዚያ፣

"እሺ። እርስዎ እንዳሉ ይሁን" አለችኝ።

አንድም ስህተት የለበትም። ያን ሁሉ ጊዜ እምቢ ያለቻት "እርስዎ" ያን ቀን ከነአረባቡ ትክክል ወጣች። ከሩቅ ነበር ያናገረችኝ። ጎንበስ ብላ በሬን ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ቅዳሜው ክፍል አልመጣችም። ሰዎች ሲጠይቁኝ ፈተና በዝቶባት ነው አልኩ።

እዚህ ላይ ለማቆም አስቤ ነበር። እስካሁን ያነበበ ሰው፣ ያው ለወንድሟ ስትል ነው፣ እንደ ልጇ ያሳደገችው ነው፣ ደም ነው ይለኛል። እኔም ለራሴ እየነገርኩ የኖርኩት እንዲያ ነው። ግን አንድ የደበቅኩት ነገር አለ።

ገመቹ ያን ቀን ስልክ ያነጋግር የነበረው ከእኔ ጋር ነው።

የደወልኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ተማሪዎች መጥተው ተቀምጠዋል፣ የት ቀራችሁ፣ ቶሎ በል አልኩት። "እሺ እቴቴ፣ ደረስን" አለኝ። ቶሎ በል እንጂ ብዬ ደገምኩ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የሳጥኑን መሰባበር ሰማሁ፤ የኛማልን ጩኸት ሰማሁ። እኔም በጆሮዬ ምስክር ነበርኩ። ስለዚህ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬ ያሰብኩት የገመቹን መታሰር ብቻ አልነበረም፤ ከማን ጋር ነበር ስትነጋገር ቢሉት የሚጠራውን ስምም ነበር። አስተማሪዋ፣ አገልጋይዋ፣ የተጨበጨበላት። ያዳንኩት ወንድሜን ነው ብዬ ብናገር ዛሬም ሁለተኛ ሐሰት ነው።

ኛማል ደግሞ ይህን ታውቅ ነበር። ከኋላው ተቀምጣ "እሺ እቴቴ" ሲል ሰምታዋለች፤ እቴቴ ማን እንደሆነች ታውቃለች። ፖሊስ ፊት ግን ስልክ እያነጋገረ ነበር አለች እንጂ ከማን ጋር እንደሆነ አልተናገረችም። ውሸት ሳትናገር እኔን ሸፍናኛለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ መሸፈኗ እየገባኝ፣ ቃሏን ገለበጥኩት።

ኛማል ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ቤት ቀየረች። በቀጣዩ ዓመት ተመርቃ ሄደች ሲሉ ሰማሁ። ምርቃቷ ላይ አልተገኘሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ልሄድ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ ረዳቱ አንድ በክራንች የሚሄዱ ሽማግሌ ደግፎ አስገባና አጠገቤ አስቀመጣቸው። ኦቦ ዲንሳ ነበሩ። ሰላም አሉኝ፤ አፈሩ፣ ዝናቡ፣ ልጆቹ፣ ሁሉንም ጠየቁኝ። ዘር ለመልቀም ወደ ጭልሞ እየሄዱ መሆኑን፣ ጊንጪ እንደሚወርዱ ነገሩኝ። ትከሻችን ይነካካል። እኔ በመስኮት የጤፍ ማሳ አያለሁ።

ጊንጪ ልንገባ ስንል በአፋን ኦሮሞ፣ "ባርሲስቱ፣ ልጅቷ መጥታ ነበር" አሉኝ። ባርሲስቱ አስተማሪዋ ማለት ነው።

"የትኛዋ?" አልኩ። እያወቅኩ።

"ኛማል።" ስሟን አስተካክለው ነው የጠሩት። "የተሰበርኩ ጊዜ፣ ገና ሳልነሳ። ብቻዋን መጣች። አልጋዬ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ በእኛው ቋንቋ፣ እንደ ሕፃን እየተሰባበረባት፣ ወረቀቱ ውሸት ነው፣ ይቅር በለኝ አለችኝ። ማን ዋሸ አልኳት። የፈረምኩት እኔ ነኝ አለች። ሌላ ስም ከአፏ አልወጣም።"



"ልጆቼ ወረቀቱን አስወጥተው አዩት" አሉ፤ "የአስተርጓሚው ስም አለበት። የማን እህት መሆንሽን ደግሞ ከተማው ያውቃል። እንክሰስ አሉኝ። መጀመሪያ የምትያዘው የፈረመችው ናት፣ ተዉ አልኳቸው።" እጃቸውን ክራንቹ ላይ አደረጉ። "አንቺ ግን ትመጫለሽ ብዬ ነበር። አስተማሪ ናት፣ ትመጣለች አልኩ። ተኝቼ በሩን በሩን ሳይ ከረምኩ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ይህን ሲሉኝ እግራቸው ሥር መውደቅ ነበረብኝ፤ መንገደኛው ሁሉ እያየ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ምን አልኳቸው መሰላችሁ?

"እግርዎ አሁን እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ይኸው፣ እንደምታዪው" አሉኝ።

ሚኒባሱ ቆመ። ረዳቱ ክራንቻቸውን አቀበላቸው፣ ወረዱ። ዞር ብለው አላዩኝም። እሳቸው ሲወርዱ መቀመጫው ሰፋልኝና እፎይ አልኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው፣ እፎይ አልኩ።

ባለፈው ክረምት ሞቱ። ለቅሶ ሄድኩ። ከሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ከልቤ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የነበረች ሴት ለጎረቤቷ "ሩህሩህ ናት፣ አስተማሪዋ እኮ ናት" ስትል ሰማሁ። አዴ ዲንቄ ሲያልፉ እጄን ያዝ አድርገው "ስለመጣሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ" አሉኝ። ያውቃሉ። ማወቃቸውን ከዓይናቸው አይቻለሁ። እዚያም ሰው ፊት አልተናገርኩም፤ ለብቻቸውም ወስጄ አልተናገርኩም። ባጃጅ ትቶ ጎጆ ከተማ ሱቅ ለከፈተው ለገመቹ ነገሩን ባነሳለት፣ "እቴቴ፣ ያለፈ ነገር እኮ ነው፤ ሰውየውም አርፈዋል" አለኝ። ልጁን አቅፎ ነበር። አልፈረድኩበትም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ደንግጦ ነበር፣ ዝም በል ያልኩትም እኔ ነኝ።

አሁን ምን እላለሁ? ይቅር በሉኝ ልበል? እናንተ ምን አደረግኳችሁ? ይቅር ሊሉኝ ከሚችሉት አንዱ አፈር ውስጥ ናቸው፤ እኔን ሳይከሱኝ፣ እኔን እየጠበቁኝ ሄዱ። ሌላዋ በሕይወት አለች። ከእሷ ጋር የተማረ አንድ የአምቦ ልጅ እዚሁ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ኛማል ጁባ ሥራ እንደያዘች፣ አልፎ አልፎም እንደሚደዋወሉ ነግሮኛል። "ቁጥሯን ልስጥሽ?" አለኝ፤ በቅንነት ነው፣ ጓደኛሞች እንደነበርን ያውቃል።

"ሌላ ጊዜ" አልኩት።

ይህ ከሆነ አምስት ወሩ ነው። ጤና ጣቢያውን በየቀኑ፣ ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም፣ አልፈዋለሁ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ምን እንደምላት ጠፍቶኝም አይደለም፤ የምላትን አውቀዋለሁ። ፈርቼ ነው። ያኔም ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት አታፈላልጉልኝ።